ሰነድ የሌለው የድሮ ቢትማፕ ፋይል እንዴት ይፈታል፦ ከድሬዳዋ የማተሚያ ቤት ዲስኮች የተገኘ ልምድ

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራም ሆነ ከመጋላ፣ ከድሮ ማተሚያ ቤትና ከቢሮ መጋዘን የሚወጡ ዲስኮች አንድ ዓይነት ችግር አላቸው። ፋይሉ ቢትማፕ፣ ማለትም በነጥብ በነጥብ የተቀመጠ ስዕል ነው፤ ይቀዳል፣ መጠኑም ይታያል፣ ግን የትኛውም የምስል ፕሮግራም አይከፍተውም። ቅጥያው እንግዳ ነው፣ የሠራው ፕሮግራም የለም፣ ስለ አሠራሩ የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ አይገኝም። በውስጡ ያለው ግን የቡና ጆንያ ምልክት፣ የክብ ማኅተም ንድፍ፣ የሱቅ አርማ፣ በግዕዝ ፊደል የተሣለ ርእስ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ ያለ ፕሮግራሙ ዛሬ በቀላሉ ሊነበብ የሚችለው በስዕል መልክ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ስዕሉ ካልተፈታ ጽሑፉም አብሮ ይቀራል። ለዚህ ነው ሥራው የሚያስለፋው ያህል የሚገባው።

መጀመሪያ ዲስኩን ማዳን

በዋናው ዲስክ ላይ ምንም ዓይነት ሙከራ አይደረግም። ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ከሆነ የጥጓን መስኮት ክፍት አድርጉ፤ ክፍት ስትሆን መጻፍ አይቻልም። ባለ 5.25 ኢንቹ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በጎኑ ያለው ቆረጥ ያለ ቦታ በቴፕ ሲሸፈን ነው መጻፍ የሚከለከለው። ሁለቱን አምታቶ ዲስክ ማበላሸት ቀላል ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ የ720 ኪሎባይትና የ1.44 ሜጋባይት ዲስኮችን ያነባል፤ ለ5.25 ግን የድሮው ኮምፒውተር ከነድራይቩ ያስፈልጋል። እሱን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን የቮልቴጅ መምረጫ ተመልከቱ። 115 ላይ እንዳለች 220 ቮልት ከገባባት ይቃጠላል።

የድሬ አቧራና ሙቀት ለዲስክ ጠላት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ዲስክ ሽፋኑ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላም በትክክል አይዞርም። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ዕቃቸው የረጠበባቸው ቤቶች አሉ፤ ጭቃ የነካው ዲስክ በእጃችሁ ከገባ እንዳለ ድራይቭ ውስጥ አትክተቱት። ደቃቁ አሸዋ የድራይቩን ማንበቢያ ራስ ይፍቃል፤ የተፋቀው ራስ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። የሽፋኑን አንድ ጎን ቀዳችሁ ውስጡን ክብ አውጡ፣ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ከሌላ የማይፈለግ ዲስክ በተወሰደ ንጹሕ ሽፋን ውስጥ አስገቡትና አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡት።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመቅዳት ይልቅ የዲስኩን ሙሉ ምስል ውሰዱ። የ1.44 ዲስክ ሙሉ ምስል 1,474,560 ባይት፣ የ720 ው 737,280፣ የ1.2 ሜጋባይቱ 1,228,800፣ የ360 ው 368,640 ነው። ከዚህ ካነሰ ንባቡ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው።

ከሄደሩ በፊት መጠኑን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ሄደሩን፣ ማለትም ስለ ስዕሉ የሚናገሩትን የመጀመሪያዎቹን ባይቶች፣ እያፈጠጠ ቀኑን ይጨርሳል። የእኛ ልማድ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ የፋይሉን መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት ድረስ እንጽፋለን። «16 ኪሎባይት አካባቢ» የሚል ቁጥር ምንም አይጠቅምም። 16,391 የሚል ግን ግማሹን መልስ ይዞ ይመጣል፤ የሲጂኤ (የድሮ የስክሪን ካርድ) ማህደረ ትውስታ 16,384 ባይት ነው፣ የቀረው 7 ባይት ደግሞ የቤዚክ ቋንቋ የስክሪን ማስቀመጫ ትእዛዝ ከፊት የሚጨምረው ሄደር ነው። ያ ሄደር ሁልጊዜ በ253 ይጀምራል፤ ቀጥሎ 2 ባይት የማህደረ ትውስታውን ክፍል፣ 2 ባይት መነሻውን፣ 2 ባይት ርዝመቱን ይናገራሉ። ለሲጂኤ 253፣ 0፣ 184፣ 0፣ 0፣ 0፣ 64 ሆኖ ታገኙታላችሁ። 64 በ256 ሲባዛ 16,384 ነው። መጠኑ 32,775 ከሆነና 253፣ 0፣ 176 ካለ ደግሞ የሌላው የድሮ ካርድ፣ የሄርኩለስ፣ ስክሪን ነው። አንዳንዱ ፋይል መጨረሻው ላይ የፋይል ማብቂያ የሆነችውን 26 ጨምሮ በ1 ባይት ይበልጣል፤ አትደናገጡ።

ሌሎችም በቃል የሚያዙ ቁጥሮች አሉ፤ ኢጂኤና ቪጂኤ ከሲጂኤ በኋላ የመጡ የስክሪን ካርዶች ናቸው። 38,400 በ640 በ480 ጥቁርና ነጭ ነው፤ 153,600 ያው ስፋት በ16 ቀለም። 112,000 የኢጂኤ 640 በ350 በ16 ቀለም ነው። 64,000 የቪጂኤ 320 በ200 በ256 ቀለም ሲሆን፣ 64,768 ከሆነ 768 ባይት የቀለም ፓሌት (የቀለሞች ዝርዝር) ተጨምሮበታል። 4,096 ካያችሁ ስዕል ላይሆን ይችላል፤ 256 ፊደል እያንዳንዱ በ16 ባይት፣ ማለትም የስክሪን ፊደል ፋይል ነው። እሱን በ1 ባይት ስፋት ብትከፍቱት ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው እንደ ረጅም ሪባን ይወርዳሉ።

በአንድ ዲስክ ላይ ብዙ ፋይል ካለ መጠኖቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁሉም እኩል ከሆኑ ጥሬ (ያልተጨመቀ) ስዕል ነው፣ ልኩም ቋሚ ነው። ከተለያዩ ወይ የስዕሉ ልክ ይለያያል ወይ ተጨምቋል። ለመለየት አንዱን በዚፕ ጨምቁት። ወደ አንድ አምስተኛ ከወረደ ጥሬ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙም ካልቀነሰ ቀድሞ ተጨምቋል።

አንድ ፋይል ከቅርብ

ከጀጎል በር ስዕል በታች «ሐረር ቡና» የሚል ጽሑፍ ያለበት የጆንያ ምልክት እንውሰድ። መጠኑ 10,304 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች በአሥርዮሽ ሲነበቡ እንዲህ ናቸው፦

156 1 198 0 52 0 1 0

ከዚያ በኋላ 255፣ 255፣ 255 እያለ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ቁጥሮቹን በአሥርዮሽ ማውጣት የምንመርጠው ለስሌት ስለሚቀል ነው፤ ሊኑክስ ላይ ኦዲ የሚባለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል። ሄክስ (የ16 ቤት ቁጥር) የለመደ በሄክስ ይሥራ፣ ውጤቱ አይለወጥም።

የኢንቴል ኮምፒውተር ትንሹን ባይት ያስቀድማል። ስለዚህ 156 እና 1 ማለት 156 ሲደመር 1 ጊዜ 256፣ 412 ነው። 198 እና 0 ያው 198 ነው። የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ቁመቱ ነው ብለን እንሞክር። በጥቁርና ነጭ ስዕል አንድ ባይት 8 ነጥብ ስለሚይዝ 412 ነጥብ ለ8 ሲካፈል 51 ተኩል ባይት ይሆናል፤ ግማሽ ባይት ስለማይቀመጥ 52 ይሆናል። ሦስተኛው ቁጥር 52 መሆኑን ልብ በሉ። 52 በ198 ሲባዛ 10,296፣ ሲደመር 8 የሄደር ባይት፣ 10,304። የፋይሉ መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት ገጠመ። እንዲህ ሲገጥም ብቻ ነው «ገባኝ» ማለት የሚቻለው፤ በ2 ወይም በ3 ባይት የሚስት ስሌት ቀርቧል አይባልም፣ ስህተት ነው። ፋይሉ ከማኪንቶሽ ወይም ከአሚጋ የመጣ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ባይት ቀድሞ 1፣ 156 ሆኖ ይገኝ ነበር።

አሁን ጂምፕ በሚባለው የስዕል ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። በመክፈቻው መስኮት ላይ የፋይሉን ዓይነት «ጥሬ የምስል ዳታ» ብላችሁ ራሳችሁ ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ አላውቀውም ብሎ ይመልሰዋል። መነሻውን 8፣ ዓይነቱን ባለ 1 ቢት ጥቁርና ነጭ፣ ቁመቱን 198 አድርጉ። ስፋቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። 412 ሳይሆን 416 ነው የሚጻፈው፣ 52 ሲባዛ በ8። የመጨረሻዎቹ 4 ነጥቦች መሙያ ናቸው፤ አንዳንዴ ከማህደረ ትውስታ የተረፈ ዝባዝንኬ ስለሚኖርባቸው በቀኝ ጠርዝ ላይ ቀጭን ዝንጉርጉር መስመር ሆነው ይታያሉ። ስዕሉ ከተከፈተ በኋላ ይቆረጣሉ።

ስፋቱ ሲሳሳት ስዕሉ ይዘነበላል፣ መዘንበሉ ራሱ ግን መልሱን ይነግራችኋል። ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት የበሩ ምሰሶ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ቀኝ ከሸሸ የጻፋችሁት ስፋት አንሷል፤ ወደ ግራ ከሸሸ በዝቷል። በየረድፉ ስንት ነጥብ እንደሚሸሽ ቁጠሩ፤ የምትጨምሩት ወይም የምትቀንሱት ልክ ያንኑ ያህል ነው። ሄደር ጨርሶ በሌለበት ፋይል ላይ ስፋት የምናገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ 512 ብለን እንጀምርና ምሰሶው እስኪቆም እናስተካክላለን።

ስዕሉ ቆሞም ቢሆን አቅጣጫው ላይሆን ይችላል። አንዳንድ የፋይል ቅርጽ ከታችኛው ረድፍ ይጀምራል፣ የዊንዶውስ ቢኤምፒ እንደዚያ ነው፤ ረድፉንም እስከ 4 ባይት ብዜት ይሞላል። ስዕሉ በራሱ ላይ ከቆመ ይህ ነው ምክንያቱ። ግራና ቀኝ መገልበጡን ግን በበር ስዕል ማወቅ አይቻልም፣ በፊደል እንጂ። ፊደል ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሠ፣ ዐ፣ ሰ ከሁለቱም ጎን አንድ ስለሆኑ ምንም አይናገሩም። «ድሬዳዋ» የሚል ጽሑፍ ግን ወዲያው ያጋልጣል። የሬ ቀለበት በቀኝ በኩል ከእግሯ ጫፍ ላይ ነው፣ የዳም የቀኝ እግሯ ትረዝማለች። ቀለበቱ በግራ ከመጣ ስዕሉ ተገልብጧል።

ስዕሉ በሩቅ ደኅና መስሎ የፊደሎቹ ጠርዝ ሁሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ካወጣ ደግሞ የቢቶቹ (የባይቱ 8 ነጥቦች) ቅደም ተከተል ነው የተገለበጠው፤ በዚያ ቅርጽ የግራው ነጥብ ዋጋ 128 ሳይሆን 1 ነው። እያንዳንዱን ባይት ከውስጡ ገልብጡት። ጥቁሩ ነጭ ከሆነም አያስጨንቅ። በስክሪን 1 ማለት የበራ ነጥብ፣ በፕሪንተር 1 ማለት ቀለም የተመታ ነጥብ ስለሆነ ነው።

ሁለት ወይም አራት ሆኖ የሚታይ ስዕል

የሲጂኤ ስክሪን ባለ ሙሉ ቁጥር ረድፎችን (0፣ 2፣ 4) ለብቻ፣ ጎዶሎዎቹን (1፣ 3፣ 5) ለብቻ ያስቀምጣል። እንዳለ ስትከፍቱት ሁለት የተጨፈለቁ ስዕሎች አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው ይታያሉ። ሙሉ ረድፎቹ ከ0፣ ጎዶሎዎቹ ከ8,192 ይጀምራሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ 80 ባይት፣ በየክፍሉ 100 ረድፍ፣ ከየክፍሉ መጨረሻ 192 ባይት ባዶ። ሄርኩለስ 720 በ348 ሲሆን በአራት ክፍል ነው የሚከፈለው፤ ረድፉ 90 ባይት፣ በየክፍሉ 87 ረድፍ፣ ትርፉ 362 ባይት ነው። የአንድን ረድፍ ቦታ ለማግኘት የረድፉን ቁጥር ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪውን በ8,192 አባዙ፣ ድርሻውን በ90 አባዙ፣ ደምሩ። ሄርኩለስ ለጽሑፍ ሥራ የሚመረጥ ካርድ ስለነበር ከማተሚያ ቤት በሚመጡ ዲስኮች ላይ በቅድሚያ መሞከር ያለበት እሱ ነው።

በባለ 16 ቀለም ስዕል ላይ አራት ቅጂ ካያችሁ፣ ቁመታቸውም ያልተጨፈለቀ ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ በአራት ንጣፍ ተከፍሎ ነው የተቀመጠው፤ ከየንጣፉ አንድ አንድ ቢት ተወስዶ ከ0 እስከ 15 ያለ የቀለም ቁጥር ይሠራል። ቅጂዎቹ ከላይ ወደ ታች ከተደረደሩ ንጣፎቹ ሙሉ በሙሉ ተከታትለዋል። ጎን ለጎን ከሆኑ በየረድፉ ተቀያይረዋል።

የተጨመቀ ፋይል

የድሮ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ተደጋጋሚውን ባይት ቆጥሮ መጻፍን ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው የስዕሉ ባዶ ኅዳግ ነው። ከላይ ያየነው የ52 ባይት ረድፍ ነጭ ብቻ ቢሆን በፒሲኤክስ (የድሮ የስዕል ፋይል ቅርጽ) አሠራር 244፣ 255 ተብሎ ይጻፋል፤ 192 ሲደመር 52 ነውና። በማኪንቶሹ የመጨመቂያ ዘዴ በፓክቢትስ ግን 205፣ 255 ይሆናል፤ 257 ሲቀነስ 52። በቀላሉ አሠራር 52፣ 255 ብቻ ነው። ስለዚህ ከሄደሩ ቀጥሎ አንድ ጥንድ ደጋግሞ ከመጣ አሠራሩንም የረድፉን ስፋትም በአንድ ጊዜ ነገራችሁ። የላይኛው ኅዳግ ከሌለ የታችኛውን፣ ማለትም የፋይሉን መጨረሻ እዩ።

በፒሲኤክስ አሠራር ከ192 ጀምሮ ያለ ማንኛውም ባይት የድግግሞሽ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ አንዲት ነጠላ 255 እንኳ 193፣ 255 ተብላ ትጻፋለች። ከፍተኛው ቁጥር 63 ነው፤ ከዚያ የሚረዝም ድግግሞሽ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል። በፓክቢትስ ከ0 እስከ 127 ያለው ባይት «አንድ ጨምረህ ያን ያህል ባይት እንዳለ ቅዳ» ማለት ነው፣ ከ129 እስከ 255 ድግግሞሽ ነው፣ 128 ይዘለላል። ፈትታችሁ ስትጨርሱ ድምሩ ረድፍ ሲባዛ ቁመት ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። ስዕሉ ግማሽ ድረስ ጥሩ ሆኖ ከዚያ ከተበተነ፣ ጥፋቱ የተበተነበት ቦታ ላይ ሳይሆን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ባለ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው።

ለፕሪንተር የተላከ ስዕል

አንዳንዱ ፋይል ስዕል ሳይሆን ወደ ፕሪንተር ሊሄድ የነበረ ትእዛዝ ነው። 27 ቁጥር እየደጋገመ ከመጣ ጠርጥሩ። 27፣ 75 ወይም 27፣ 76 ካያችሁ ባለ 9 መርፌ የኤፕሰን ፕሪንተር ነው፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት ባይቶች የአምዶቹን ብዛት ይናገራሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ባይት በአግድም ሳይሆን ቁልቁል የሚቆም 8 ነጥብ ነው፣ 128 ከላይ። እንደ ተራ ስዕል ከከፈታችሁት እንደ ተበጠሰ ክር ብቻ ይታያችኋል። 27፣ 42፣ 39 ከሆነ ባለ 24 መርፌ ነው፣ ለእያንዳንዱ አምድ 3 ባይት ከላይ ወደ ታች።

እዚህ ላይ ክብ ማኅተም ትልቅ ረዳት ነው። በ27፣ 76 የታተመ ስዕል በኢንች በአግድም 120፣ ቁልቁል 72 ነጥብ ስላለው ስክሪን ላይ ማኅተሙ የተኛ እንቁላል ይመስላል። ቁመቱን በ120 ሲካፈል ለ72፣ ማለትም በ1.67 ገደማ ስትዘረጉት ይከበባል። በ320 በ200 ለተሠራ የስክሪን ስዕል ማባዣው 1.2፣ ለ640 በ200 ደግሞ 2.4 ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አንልም። የቪጂኤ ፓሌት ከ0 እስከ 63 ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ስዕሉ ትክክል ሆኖ ጨለማ ከሆነ እያንዳንዱን ቁጥር በ255 አባዝታችሁ ለ63 አካፍሉ። ቀይና ሰማያዊ ከተለዋወጡ ቅደም ተከተሉ ከሰማያዊ ነው የሚጀምረው።

በቅጂ ጊዜ የተበላሹ ፋይሎች

ስሌቱ በምንም መንገድ አልገጥም ሲል ቅርጹን ሳይሆን ቅጂውን ጠርጥሩ። ዶስ (የድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ፋይሎችን በቅጂ ትእዛዝ አንድ ላይ ሲያያይዙ ባይነሪ ነው ካልተባለ 26 ቁጥር ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ፋይሉ ካለቦታው አጭር ይሆናል፣ የቀረውም ከዋናው ዲስክ ካልሆነ አይገኝም። ሁለተኛው ዓይነት ብልሽት ግን ይጠገናል። ፋይሉ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ሲተላለፍ ከእያንዳንዱ 10 በፊት 13 ይጨመርበታል። ምልክቱ ስዕሉ እየቆየ በ8 ነጥብ ወደ ቀኝ መዝለሉና የፋይሉ መጠን ከስሌቱ በጥቂት ባይት መብለጡ ነው። ከእያንዳንዱ 10 በፊት ያለውን አንድ 13 ብቻ አውጡ፤ ሁለት 13 ካለ አንደኛው የስዕሉ ነው፣ ይቀመጥ። መጠኑ ወደ ስሌቱ ከተመለሰ ጥገናው ትክክል ነው።

የሠራው ፕሮግራም ራሱ በዲስኩ ላይ ካለ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ልፋት ግማሹ ይቀራል። ዶስን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው በዶስቦክስ አስነሡትና ባዶ ስዕል አስቀምጡ፤ ቀጥሎ በላይኛው ግራ ጥግ አንዲት ነጥብ ብቻ ያለው፤ ቀጥሎ በላይኛው ቀኝ ጥግ። ሦስቱን ፋይሎች ባይት በባይት አነጻጽሩ። የመጀመሪያዋ ነጥብ የት እንደምትጀምር፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ረድፉ ስንት ባይት እንደሆነ ታሳያለች። ከዚያ ስፋቱን በ1 ነጥብ ጨምራችሁ አስቀምጡ፤ ሄደሩ ውስጥ የሚለወጠው ቁጥር ስፋቱ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ከስፋቱ 1 ቀንሶ ይጽፋል፤ ፒሲኤክስም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ ቁጥር ስለሚጽፍ ልዩነታቸው ላይ 1 መጨመር ያስፈልጋል።

ፋይሉ ተፈትቶ ወደ ፒኤንጂ (ዛሬ በሁሉ ፕሮግራም ወደሚከፈት የስዕል ቅርጽ) ከተቀየረ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል። ፒኤንጂውን በደረሳችሁበት ቅርጽ መልሳችሁ ጻፉትና ከዋናው ፋይል ጋር አነጻጽሩት። ከላይ ባለው የጆንያ ምልክት ላይ ልዩነት መገኘት ያለበት በየረድፉ 52ኛ ባይት ውስጥ ባሉት 4 የመሙያ ቢቶች ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ባይት እንኳ ከተለየ ወደዚያ ረድፍ ተመለሱ። ከገጠመ ደግሞ የሄደሩን ትርጉም፣ የረድፉን ስሌትና የቢቶቹን አቅጣጫ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ጻፉና ከዲስኩ ምስልና ከፒኤንጂው ጋር በአንድ ማህደር አስቀምጡት፤ ከዚያው ማተሚያ ቤት የሚመጣው ቀጣይ ዲስክ በዚያው ቅርጽ ሊሆን ይችላልና።